እናታችሁ ፔስሜከር ካላቸው፣ ዛሬ የምትጠይቋቸው ነገር አለ



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል ሰዎች ሲጽፉት የሚሸማቀቁበት አንድ ጥያቄ አለ። ብዙውን ጊዜ "ዶክተር ይቅርታ፣ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ነውር ካልሆነ..." ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ይቀጥላል፦ "እናቴ ፔስሜከር ተገጥሞላታል። አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ሌላም ሕመም አለባት። ማሽኑ እያለ እንዴት ነው የምታርፈው? ነፍሷን አስጨንቆ ያቆያታል ወይ?"

በመጀመሪያ፣ ነውር አይደለም። እንዲያውም ወላጁን ከልቡ የሚወድ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ መልሱ ብዙዎቻችሁ ከምትፈሩት የቀለለ ነው፤ ዛሬ በዝርዝር አስረዳችኋለሁ። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፦ ይህን ጥያቄ ለእኔ ከመጻፋችሁ በፊት ልትጠይቁት የሚገባ ሌላ ሰው አለ። እሱም ፔስሜከሩ ያለበት ሰው ራሱ ነው። ዛሬ የምጽፈው በዚህ ላይ ያለኝን አቋም ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ፔስሜከር ምን ይሠራል?

ልብ የራሷን የኤሌክትሪክ ምልክት እያመነጨች የምትመታ ጡንቻ ናት። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች። ዕድሜ ሲገፋ ምልክቱን የሚያመነጨው ክፍል ሊደክም ይችላል፤ ወይም ምልክቱ የሚያልፍበት መስመር ሊቋረጥ ይችላል። ያኔ ልብ በጣም ቀስ ትላለች። ሰውየውን ያዞራቸዋል፣ ሁለት ደረጃ ሲወጡ ይደክማቸዋል፣ ቅዳሴ ላይ ቆመው ወይም ከሶላት ሲነሱ ድንገት ይወድቃሉ። ቤተሰብ "ዕድሜ ነው" ወይም "ደም ማነስ ነው" ይላል። ኢሲጂ ሲነሳ ነው ጉዳዩ የሚታወቀው።

ፔስሜከር ከትከሻ ዝቅ ብሎ ደረት ላይ፣ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከእሱ የሚነሱ ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር በኩል ልብ ውስጥ ይገባሉ። ሥራው መጠበቅ ነው። ልብ በራሷ ከመታች ዝም ይላል። ስትዘገይ ግን "ኧረ ምቺ" ብሎ ትንሽ ምልክት ይልክላታል። ምልክቱ በጣም ደካማ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ጭራሽ አይሰማውም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሙሉ በሙሉ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ስዊድን ውስጥ፣ ስቶክሆልም ከተማ ነው። መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስ ሩኔ ኤልምክቪስት፣ የገጠመው ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ ነበር። ታማሚው አርኔ ላርሶን ይባላል። የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ላርሶን ግን ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ። በዕድሜው 26 ፔስሜከሮች ተቀያይረውለታል። መሣሪያውን የሠራውም የገጠመውም ሰው ከሞቱ በኋላ እንኳ በሕይወት ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2001 በ86 ዓመቱ ሞተ። የገደለው ግን የልቡ ሕመም አልነበረም፤ ካንሰር ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። ታሪኩ ውስጥ የጥያቄያችሁ ግማሽ መልስ አለ። በዓለም የመጀመሪያው ሰው ፔስሜከር ነበረው፤ ቀኑ ሲደርስ ግን አረፈ። ማሽኑ አላስቀረውም።

ታዲያ በመጨረሻው ሰዓት ምን ይሆናል?

ፔስሜከር የሚልከው ምልክት ብቻ ነው። ያንን ምልክት ሰምቶ የሚኮማተረው የልብ ጡንቻ ነው። ጡንቻው ለመኮማተር ኦክስጅን ይፈልጋል። ሰው በካንሰር፣ በሳንባ ምች፣ በኩላሊት መድከም ወይም በሌላ ሕመም መጨረሻው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ይደክማል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የደሙ ኬሚስትሪ ይዛባል። በዚህ ጊዜ ጡንቻው ምልክቱ ቢደርሰውም መልስ አይሰጥም። በር ቢንኳኳ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ማን ይከፍታል? ልክ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ፔስሜከር ነፍስን አስሮ አያቆይም። ጣርም አያራዝምም። ይህን በልባችሁ ያዙት፤ ብዙ ቤተሰብ በከንቱ ሲጨነቅበት አያለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አባታችሁ ሆስፒታል ውስጥ ሞኒተር ተገጥሞላቸው ካረፉ፣ ካረፉ በኋላም ስክሪኑ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሊታዩ ይችላሉ። ያ የባትሪው ምልክት ነው እንጂ የልብ ምት አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ ይህን አይቶ "አልሞተም! ልቡ እየመታ ነው!" ብሎ ይጮኻል፤ ከነርሶች ጋር ይጣላል። በዚያ ሰዓት ስክሪኑን ተዉት። ሐኪሙ ትንፋሽንና የደም ሥር ምትን አይቶ የሚነግራችሁን ስሙ።

ሁለቱን መሣሪያዎች አታምታቱ

ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ነገር ሁሉ ፔስሜከር አይደለም። አይሲዲ የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፤ ዲፊብሪሌተር ነው። ከውጭ ሲታይ ይመሳሰላል፣ መጠኑ ትንሽ ይበልጣል። ሥራው ግን የተለየ ነው። ልብ በአደገኛ ሁኔታ ስትፈጥንና ስትርበደበድ በጠንካራ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ይህ ንዝረት ይሰማል። ያገኛቸው ሰዎች "በቅሎ ደረቴን የረገጠችኝ መሰለኝ" ይላሉ።

ጤነኛ ሆኖ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ይህ ንዝረት ሕይወት ያድናል። በሞት አፋፍ ላይ ባለ ሰው ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውነት እየተዘጋ ሲሄድ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል፤ መሣሪያው ደግሞ ሰውየው እያረፉ መሆኑን አያውቅም። የተሠራበትን ሥራ ይሠራል፤ ይነዝራል፤ ደግሞ ይነዝራል። ልጆች አልጋውን ከበው እጃቸውን ይዘው፣ አባት በሰላም ሊያሸልቡ ሲሉ ሰውነታቸው ዘሎ ይነሳል። ከዚህ የባሰ ስንብት ምን አለ?

ይህ ደግሞ ሊቀር የሚችል ሥቃይ ነው። የንዝረቱን ክፍል ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ቀዶ ሕክምና የለውም፣ አያምም፤ ሐኪሙ ወይም የመሣሪያው ባለሙያ ከውጭ በኮምፒውተር ያጠፋዋል። ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ማግኔት ደረት ላይ ሲቀመጥ ንዝረቱን ለጊዜው ያግደዋል። ንዝረቱ ጠፋ ማለት ሰውየው በዚያች ደቂቃ ይሞታሉ ማለት አይደለም። ልብ ስትዘገይ የሚያግዘው የፔስሜከር ክፍል ካለውም ሥራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ ወላጃችሁ ያላቸው የትኛው መሣሪያ ነው? ሲገጠም የተሰጠ ካርድ አለ። ፈልጉት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ለእህት ለወንድሞቻችሁም ላኩት።

በር የመዝጋት ጉዳይ

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያጽናና ነው። አሁን ወደ ከባዱ ልሂድ።

ፔስሜከር በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነፍስ አያቆይም ብያለሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ግን አንድ በር ይዘጋል። ልብ በዝግታ ደክማ፣ ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው የሚሄድበትን በር ማለቴ ነው። ቤቱን አይዘጋውም፤ ሌሎች በሮች አሉ። ግን ያኛው በር ይዘጋል። ይህ ለአብዛኛው ሰው በረከት ነው። ለአንዳንዱ ግን ጥያቄ ያስነሳል።

አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኬቲ በትለር ይህን በራሷ ቤት ያየችውን እ.ኤ.አ. በ2010 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ጽፋዋለች፤ በኋላም መጽሐፍ አድርጋዋለች። አባቷ ስትሮክ መቷቸው ንግግራቸውና እንቅስቃሴያቸው ተጎዳ። ከዚያ የሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው፣ ልባቸው ቀስ ስለምትል ቀድሞ ፔስሜከር ይግባላቸው ተባለ። ገባላቸው። ውሳኔው በጥድፊያ የተወሰነ ነበር። ከዚያ በኋላ የመርሳት በሽታ እየባሰባቸው ሄደ። ዓይናቸው ደከመ፣ ልጅ ሆነው እስኪታጠቡ ድረስ ደረሱ። ልባቸው ግን ባትሪው በሚሰጣት ምት ትመታለች። ዓመታት አልፈው ሚስትና ልጅ "ይጥፋልን" ብለው ሲጠይቁ ሐኪሙ አልተቀበላቸውም። ሰውየው ያረፉት መሣሪያው እየሠራ ነው።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው "እንግዲያው ፔስሜከር መጥፎ ነው" ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። እኔ የማነበው፣ ውሳኔው በሚወሰንበት ቀን "ይህ መሣሪያ ከ5 ዓመት በኋላ ምን ያመጣል? አባታችንስ ምን ይፈልጋሉ?" ብሎ ጊዜ ሰጥቶ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ነው። ችግሩ ብረቱ ሳይሆን ዝምታው ነው።

"አገራችን ላይ እኮ ይህ ቅንጦት ነው"

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ እንደምትሉ አውቃለሁ። ትክክልም ናችሁ። እኛ አገር ትልቁ ችግር ፔስሜከር መብዛቱ አይደለም፤ አለመገኘቱ ነው። ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ለአንድ እናት ዘመድ አዝማድ የሚያዋጣበት፣ ዕድር የሚረዳበት፣ ውጭ ያለ ልጅ የሚበደርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ እናታችሁ 80 ዓመት ስለሆናቸው ብቻ "አርጅታለች፣ ምን ያደርግላታል?" ማለት በደል ነው። ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። እየወደቁ ዳሌያቸው ከሚሰበር፣ በድካም አልጋ ላይ ከሚውሉ፣ መሣሪያው ተገጥሞላቸው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቢሄዱ፣ የልጅ ልጅ ቢያቅፉ ይሻላል። አቅም ካለና ሐኪሙ ካዘዘ አታመንቱ።

ግን ልብ በሉ። ቤተሰብ ይህን ያህል ተዋግቶ ያገኘውን ነገር በኋላ ስለ ገደቡ ማውራት ይከብደዋል። "ስንት ደክመን ያስገጠምነውን!" ይባላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ወገኔ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለበት። እዚያ መሣሪያው በቀላሉ ይገባል፤ ባትሪው ሲያልቅ ይቀየራል፤ ማንም ቆም ብሎ አይጠይቅም፤ የወላጅ ቋንቋ ደግሞ ከሐኪሙ ቋንቋ ጋር አይገናኝም። ሁለቱም ቦታ የጎደለው አንድ ነገር ነው። ወላጁን የጠየቀ የለም።

"ሁሉም ነገር ይደረግላት"

ይህን ዓረፍተ ነገር በሥራዬ የሰማሁትን ያህል ሌላ የሰማሁ አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ከሩቅ አገር፣ ድምፁ በእንባ ከታፈነ ልጅ። "ዶክተር፣ ገንዘብ አታስቡ። እኔ እልካለሁ። ሁሉም ነገር ይደረግላት።"

ይህን የሚለውን ልጅ አልወቅሰውም። 10 ዓመት ያላያት እናቱ ናት። መምጣት አልቻለም፣ ወረቀቱ አላለቀም፣ ሥራው አይለቀውም። በእጁ ያለው ብር ብቻ ነው፤ በብር ፍቅሩን ሊገልጽ ይፈልጋል። ግን "ሁሉም ነገር" ማለት ምን እንደሆነ አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል።

"ሁሉም ነገር" ማለት ልብ ስትቆም ደረትን በኃይል መጫን ነው። በአረጋዊ ሰው ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የጎድን አጥንት ይሰብራል። "ሁሉም ነገር" ማለት በአፍ ቱቦ ገብቶ በማሽን መተንፈስ፣ እንዳይነቅሉት እጅ መታሰር ነው። "ሁሉም ነገር" ማለት የመጨረሻ ቀናትን አይሲዩ ውስጥ፣ ልጅ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚገባበት ክፍል ማሳለፍ ነው። ሊድን የሚችል ሕመም ላለበት ሰው ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ሕመሙ መጨረሻው ላይ ለደረሰ ሰው ግን ያንን ሁሉ የሚሸከመው ሰውነት የእናትየው ነው እንጂ የልጁ አይደለም።

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ቤተሰብ ውስጥ ትልቁ ድምፅ መሆን ያለበት የወላጁ ድምፅ ነው። እሱ ከሌለ ደግሞ በየቀኑ የምታጥባቸው፣ መድኃኒት የምትሰጣቸው፣ ሌሊት የምትነሳላቸው ሰው ናት። ብዙ ጊዜ ይህች ሰው ቤት የቀረችው ሴት ልጅ ናት፤ ብዙ ጊዜም በቤተሰብ ስብሰባ መጨረሻ የምትጠየቀው እሷ ናት። ብር የላከ ሁሉ ውሳኔ አብሮ አይልክም። ይህን የምለው ከፋችሁም ብዬ ነው።

"እንዳትነግሯቸው"

ሌላው ልማዳችን መደበቅ ነው። ሐኪም ቤት መግቢያ ላይ ልጅ ቀድሞ ይመጣና "ዶክተር፣ ምን እንደሆነ ለእሷ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች" ይለኛል። ፍቅር ነው፤ ገብቶኛል። ግን እስቲ አስቡት። እኚህ ሴት ባል ቀብረዋል፣ ምናልባት ልጅ ቀብረዋል፣ ረሃብና ጦርነት አሳልፈዋል፣ ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠዋል። ስለ ሞት ከእናንተም ከእኔም የበለጠ ያውቃሉ። የምንደብቀው ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሳችን ፍርሃት?

ደግሞ አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ያውቁበት ነበር። ኑዛዜ የሚባል ነገር አለን። ድሮ ሰው ሲደክም ልጆቹን ይጠራል፣ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ዕዳውን ይናገራል፣ ቤቱን ያከፋፍላል፣ የሚቀበርበትን ቦታ ይናገራል፣ ለተጣላው ይቅርታ ይልካል። ክርስቲያኑ ንስሐ አባቱን ያስጠራል፤ ሙስሊሙ ወሲያውን ይናገራል። ማንም "ሟርት ነው" አላለም። ኃላፊነቱን የተወጣ ሰው ነው የሚባለው።

እኔ የምጠይቃችሁ ኑዛዜን ትንሽ እንድናሰፋው ነው። አባታችን ስለ መሬቱና ስለ ቤቱ መናዘዝ ከቻሉ፣ ስለ ገዛ ሰውነታቸው የመጨረሻ ቀናት ለምን አይናዘዙም? የት መሆን ይፈልጋሉ? ቤት ወይስ ሆስፒታል? ማሽን ላይ መቆየት ይፈልጋሉ? መናገር ቢያቅታቸው ማን ይናገርላቸው?

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ይህን በወረቀት ማስፈር ትችላላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ባለ ሕግ፣ የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ታማሚው ፍላጎቱን አስቀድሞ በጽሑፍ የማስቀመጥ መብት እንዳለው ሊነግሩት ይገባል። እስራኤል ውስጥም በ2005 በሞት አፋፍ ስላሉ ሕሙማን የወጣ ሕግ አለ፤ ሰው ፍላጎቱን ቀድሞ እንዲጽፍና የሚወክለውን ሰው እንዲሰይም ይፈቅዳል። ቅጹን ጠይቁ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ወላጃችሁ ሳይገባቸው አታስፈርሙ። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ቤተሰብ በተሰበሰበበት በግልጽ የተነገረና ሁሉም የሰማው ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። ከፈቀዱ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅረጹት። ስልኩን ለሠርግ ብቻ አይደለም የገዛነው።

ማጥፋት ኃጢአት ነው ወይ?

ይህም ይጠየቃል። የአሜሪካ የልብ ምት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር ባወጣው የጋራ አቋም፣ ታማሚው በማይፈልግበት ጊዜ የእነዚህን መሣሪያዎች ሥራ ማቆም ሰውን መግደል እንዳልሆነ ገልጿል። ሰውየው የሚሞቱት ቀድሞ በነበረባቸው ሕመም ነውና። ታማሚው ሕክምና ላለመጀመር መብት እንዳለው ሁሉ ለማቆምም መብት አለው ይላል። በሌላ በኩል ሐኪሙም ኅሊናው ካልፈቀደ ለሌላ ሐኪም ሊያስተላልፍ ይችላል።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ተራ ፔስሜከርን በመጨረሻ ቀናት ማጥፋት ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም። ጣር እንደማያራዝም ከላይ አይተናል። ሲጠፋ ደግሞ ልብ በጣም ቀስ ብላ ማዞር፣ ትንፋሽ ማጠርና ድካም ልታመጣ ትችላለች። ልቧ ሙሉ በሙሉ በመሣሪያው ላይ የተመካ ሰው ከሆነ ወዲያው ሊያርፍ ይችላል፤ ያንን ሸክም ልጅ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ስለዚህ በአብዛኛው መተው ይሻላል። የአይሲዲ ንዝረት ግን ሌላ ነው፤ መጨረሻው ሲቃረብ በታማሚው ፈቃድ ቢጠፋ ሥቃይ ይቀንሳል እንጂ ሕይወት አይነጥቅም።

ንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ፤ ተገቢ ነው። ግን ጥያቄውን አስተካክላችሁ ውሰዱላቸው። "ልቧን እናጥፋ ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይፈቅድላችሁም። "በጣር ላይ እያለች የሚያንዘፈዝፋት ንዝረት ይቁም ወይ?" ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ሐኪሙ አብሯችሁ ሄዶ ቢያስረዳ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ባትሪው ሲያልቅ

የፔስሜከር ባትሪ እንደ አጠቃቀሙ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ድንገት አይቆምም፤ በክትትል ጊዜ መድከሙ ቀድሞ ይታያል። ሲያልቅ ሽቦዎቹ ባሉበት ሆነው ሳጥኑ ብቻ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቀየራል። ቀላል ነው፤ ግን ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል "ምንም አይደለም" የሚባል አይደለም።

ለእኔ ይህ ቀን የተፈጥሮ ማቆሚያ ነው። እናታችሁ በእግራቸው እየሄዱ፣ እየሳቁ፣ እየተቆጡ ከሆነ ይቀየር፤ ምን ጥያቄ አለው! ነገር ግን የመርሳት በሽታው ገፍቶ ልጃቸውን የማያውቁበት፣ ምግብ የማይውጡበት ደረጃ ላይ ከሆኑ፣ "ይቀየር ወይ?" ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። መልሱ "ይቀየር" ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን መጠየቅ አለበት።

ወሬውን እንዴት ልጀምር?

"እማዬ፣ ስትሞቺ ምን ይደረግ?" ተብሎ አይጀመርም፤ አውቃለሁ። የሚሠሩ አጀማመሮች አሉ።

– ከለቅሶ ስትመለሱ፦ "እማዬ፣ እትዬ እንትና አይሲዩ ውስጥ ያን ያህል መቆየታቸው እንዴት ታየሽ? አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትወጂ ነበር?"

– ከሐኪም ቀጠሮ በፊት፦ "አባባ፣ ሐኪሙ ከእኛ መካከል አንድ ተወካይ ይፈልጋል። ለእርስዎ ማን ይናገር?"

– በተረጋጋ ቀን፣ ቡና ላይ፦ "በጣም የምትፈሪው ነገር ምንድን ነው? ሕመሙ ነው? ብቻ መሆን ነው? ለሰው ሸክም መሆን ነው?"

ከዚያ ዝም በሉ። "ኧረ እንዲህ አትበዪ፣ ገና ብዙ ትኖሪያለሽ!" ብላችሁ አታቋርጡ። ይህች አንዲት አባባል የስንቱን ወላጅ አፍ ዘግታለች! በአንድ ቀን የማያልቅ ወሬ ነው፤ ዛሬ ካልፈለጉ ሌላ ቀን ሞክሩ። "ለእግዚአብሔር ተውት" ወይም "አላህ ያውቃል" ካሉም መልስ ነው፤ አክብሩት። ግን ቢያንስ ማን እንዲናገርላቸው እንደሚፈልጉ ጠይቁ።

በመጨረሻም እነዚህን ያዙ

– የመሣሪያው ካርድ ሁልጊዜ ከወላጃችሁ ጋር ይሁን፤ ኮፒው ስልካችሁ ላይ ይኑር።

– ፔስሜከር ነው ወይስ አይሲዲ? ልባቸው ምን ያህል በመሣሪያው ላይ ይመካል? ባትሪው ስንት ጊዜ ቀረው? እነዚህን ሐኪሙን ጠይቁ።

– ስልክና ገመድ አልባ ቻርጀር ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። አባባ ስልካቸውን የደረት ኪስ ውስጥ አያስቀምጡ።

– ሕመማቸው የማይድንበት ደረጃ ከደረሰ "ሕክምና አልቋል" ማለት አይደለም። ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርንና ጭንቀትን የሚያስታግስ ሕክምና አለ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ፣ በዚህ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ሐኪማችሁን "ፓሊያቲቭ ኬር ይኖራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

– ካረፉ በኋላ ለቀብር ሲባል ፔስሜከሩን ማውጣት አያስፈልግም። አስከሬን በሚቃጠልበት አገር ብቻ ባትሪው ሊፈነዳ ስለሚችል ቀድሞ ይወጣል። አይሲዲ ከሆነ ግን አስከሬን የሚያጥቡ ሰዎች እንዳይነዝራቸው ንዝረቱ መጥፋቱን አረጋግጡ።

ይህ ጽሑፍ ለእውቀት ነው፤ የወላጃችሁን ሐኪም አይተካም። ማንም ይህን አንብቦ በራሱ ውሳኔ ምንም ነገር እንዳይቀይር አደራ እላለሁ።

ፔስሜከሩ የሚጠብቀው የልብን ምት ነው። የወላጃችሁን ቃል የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ለመጠበቅ ግን መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል፤ ለመስማት ደግሞ መጠየቅ። በዚህ ሳምንት ደውሉላቸው። ከ"እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ" አንድ እርምጃ እለፉ።

ውጭ ላለ ወንድም ወይም እህታችሁ ሼር አድርጉላቸው፤ አብራችሁ አንብቡትና ተነጋገሩበት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ እንደ አቅሜ እመልሳለሁ።

ለወላጆቻችን ዕድሜና ጤና፣ ለእናንተም ብርታት ይስጥልኝ። መልካም ጤና!